ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከተከራያት ክፍል ቡና ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን አምራለች። ከጥግ ጀበናው በማቶቱ ላይ ተሰይሟል። ከአልጋው በላይ ቆዳው በዕድሜ የጠቆረ አገልግል ተሰቅሏል፤ አያቱ አዴት ገበያ ሲወጡ ስንቅ ይይዙበት የነበረ ነው። ከመስኮቱ ሥር ብርጭቆው የተሰነጠቀ ፋኖስ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ከላስቲክ አበባና ከማናውቀው አገር የመኪና ፎቶግራፍ ይልቅ የራስን ዕቃ አጽድቶ መስቀል አዋቂነት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ተረት በኛም ላይ ሊደርስ አይገባም።

ኋላ ግን ዓይኔ ከአንድ የመስታወት ፍሬም ላይ አረፈ። ውስጡ አንድ የብራና ቅጠል ነው፤ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፈ ግዕዝ፣ አንዱ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ።

«ይህንስ ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ ነዋ! አንድ ሰውዬ ከጋቢው ሥር አውጥቶ ሸጠልኝ። ያምራል አይደል?»

ያምራል። ቡናው ግን አልወርድልህ አለኝ። ወዳጄ ስሙ እንዳይጻፍ፣ ነገሩ ግን እንዲጻፍ ስለፈቀደልኝ፣ ከአቦል እስከ በረካ የተከራከርንበትን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። አሮጌ ዕቃ ቤት ያስጌጣል፤ ነገር ግን ሚስማር ከመምታታችን በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይኖርብናል። የማን ነበር? ምን ይሠራ ነበር? ማን ሠራው?

ከመጀመሪያው ልጀምር። የአያት አገልግል ወራሹ የልጅ ልጅ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የብራና ቅጠል ግን ለብቻው አልተሠራም፤ ከመጽሐፍ ላይ የተቆረጠ ነው። ለዚያ መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ ተነክሯል፣ ተወጥሯል፣ ተፍቋል! ጸሐፊው መቃ ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት ሙሉ አጎንብሶ ጽፎታል። ዛሬ ሌባው መጽሐፉን በሙሉ ከሚሸጥ ቅጠል በቅጠል ቢቸረችር ይበልጥ ስለሚያተርፍ፣ ምላጩን ያነሣል። የቀረው መጽሐፍ መሐሉ ጎድሎ ማንም የማያነበው ይሆናል።

ወዳጄ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ ባልገዛው አይጥ ይበላው ነበር፤ አለዚያም ፈረንጅ ይወስደው ነበር። እንዲያውም አዳንኩት።» ይህ ክርክር ለጆሮ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ገዢ ከሌለ ቆራጭ የለም። ዛሬ አንዷን ቅጠል ያዳነ ሰው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መጽሐፍ እንዲቆረጥ ቀብድ ከፈለ ማለት ነው።

ነገሩ በትልቁም የደረሰ ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአንድ የቤልጅግ አገር ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር። ለአገሩ የበቃው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከትግራይ የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ደግሞ ሆላንድ ውስጥ በሮተርዳም ከተማ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ መኖሪያ ቤት በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። ሰውየው ዘውዱን ሲያይ ከቤቱ እንዳይወጣ ከለከለ፤ 21 ዓመት ደብቆ ጠብቆ፣ በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ እንዲመለስ አደረገ። እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። ሁለቱም ዕቃዎች ከሰው ቤት ገብተው ነበር። አንዱ ሰው እንደ ገዛ ንብረቱ ያዘው፤ ሌላው ግን የማን ነው ብሎ ጠየቀ። በአገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። አላወቅሁም ማለት ለገበሬ ያስኬድ ይሆናል፤ ነገ አስተማሪ ለሚባል ሰው ግን አያምርበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ የዕቃው ሥራ ነው። በከተማ አንዳንድ ባህላዊ ምግብ ቤት ስገባ ነገሩ ሁሉ ድብልቅልቅ ይልብኛል። እንስራ አበባ ተተክሎበት፣ መጅ በር እንዳይዘጋ ተደግፎበት፣ ወፍጮው የደረጃ ድንጋይ ሆኖ አያለሁ። ልጆች ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ አስተናጋጁ «የድሮ ዕቃ ነው» ብሎ ያልፋል። ይኸው ነው መልሱ? እናቶቻችን ወፍጮው ሲለሰልስ በድንጋይ ይወቅሩት ነበር። መሶብ ስንደዶው ከውስጥ ሆኖ፣ ቀለም የተነከረው አክርማ ተጠምጥሞበት፣ በወስፌ እየተወጋ ነው የሚሰፋው። ጋን ጠላ ሳይጠነሰስበት በወይራ ይታጠናል። ይህን የማያውቅ ሰው የሰቀለው ዕቃ፣ ስሙ እንደጠፋ ሬሳ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከገጠር ወጥቶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም። ለልምምድ ትምህርት ስንወጣ፣ ከአንዲት እናት እጅ ገና የሚፈጭበትን ወፍጮ «ደህና ዋጋ ሰጠኋቸው» ብሎ ማንሣት ደግነት አይደለም። የሞተሩ ወፍጮ የተበላሸ ዕለት እማማ በምን ይፍጩ? ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ጠይቆ፣ በተገቢው ዋጋ መውሰድ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የሁሉም ከባድ ነው። ጀበናውን ማን ሠራው? ሸክላ ሠሪዋ ናት። አገልግሉን በቆዳ የለበጠው ፋቂው ነው። ጋቢውን ሸማኔው ሠራው፣ ማረሻውን ቀጥቃጩ። እነዚህን ሰዎች በኛ አገር ምን ስንላቸው ኖርን? ቡዳ አልናቸው፤ ልጅ አልሰጠናቸውም፣ ልጅ አልወሰድንላቸውም። የጣና ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች የሚሠሯት የደንገል ታንኳ በትንሹ ተሠርታ በየሳሎኑ ትቀመጣለች፤ ሠሪዎቿ ግን ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ስድቡ ከአንዳንዶቻችን አፍ መች ጠፋ?

ጀበናዋን በሳሎን ከክብር ቦታ አስቀምጠን፣ የሠራቻትን ሴት ከቡናው ዙሪያ የማንጠራ ከሆነ፣ ያስጌጥነው ቤታችንን ሳይሆን ንቀታችንን ነው። የጋን ውስጥ መብራት የሚባለው እንዲህ ያለው ባለሙያ አይደለምን? ጋኑንም የሠራችው እሷው ናት፣ ውስጡ የተደበቀችውም እሷው ናት።

ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምለው ሩቅ አይደለም። ከተቋማችን የትምህርት መርጃ ማዕከል አንዲት ጥግ እንለምን። እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን ሥራ የፈታ አንድ ዕቃ በውሰት እናምጣ፤ ከአዴት፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከየመጣንበት። ከሥሩ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍ፤ ስሙ፣ ሥራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ የማን እጅ እንደሠራው። ነገ በየገጠር ትምህርት ቤቱ ስንመደብም ይህንኑ እናድርግ። መሶብ የክብ ትምህርት ይሆናል፣ የአክርማው ቀለም የሥዕል ትምህርት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋን ከክፍል ጋብዘን፣ ከተማሪዎቹ ፊት ጭቃዋን ይዛ ታስተምር። ልጇ ከዚያ ክፍል ተቀምጦ እናቱ «እትዬ» ተብላ ስትከበር ካየ፣ ያ ክፍል ከማንኛውም ሳሎን የበለጠ አጊጧል።

ወዳጄ መጨረሻ ላይ «ይዤው ብሄድ ሌባ ተብዬ ብያዝስ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄውን አላቀለልኩበትም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር። ግን ብቻህን አትሄድም አልኩት። ቅጠሉን ከፍሬሙ አውጥተን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለነዋል። ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሁለታችንም ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። ባዶው ፍሬም ለጊዜው ግድግዳው ላይ ነው። የአያቱን ፎቶግራፍ ሊያስገባበት ከወንድሙ አስልኳል።

ቸር ይግጠመን።

ከአንድ ሠልጣኝ