ሰባት ጊዜ እጠቡ ተባልን እንጂ በድንጋይ ውገሩ አልተባልንም



ሰሞኑን ከሱብሒ ሶላት ስንወጣ ያየነውን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የሰፈራችን ልጆች፣ ያውም አብረውን የሰገዱ፣ አንድ ያረጀ ውሻ ግንብ ጥግ አስጠግተው በድንጋይ ይወግራሉ። «ኧረ ተዉ!» ስንላቸው መልሳቸው ዝግጁ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ነጃሳ እኮ ነው!»

ይህ ውሻ ሜዳ ላይ የተወለደ አይደለም። በ2017 ካዛንቺስ ስትፈርስ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ተበተነ፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው የግቢ ውሻውን የት ያስገባዋል? የሚያውቁት እንደነገሩን እሱም ከዚያ የቀረ ዘበኛ ነው። የአጥንት ሽታ ስቦት ወደ ቄራ ወረደ። ዓይኑ ፈዟል፣ ጆሮው ከድቶታል። ዱላ ሲያይ ያጉረመርማል፤ ከኋላው ሲመጡበት ደንግጦ ይናከሳል።

ከጀመዓችን አንድ ሐጂ «ሰፊ ግቢ ያለው ሰው እስኪገኝ» ብለው ወስደው ግቢያቸው ጥግ አሰሩት። አሁን ደግሞ ወጣቶቻችን ሐጂውን ያሟቸው ጀመር። «መላኢካ ከቤታቸው አስወጡ» ይላሉ።

ወንድሞቼ፣ በዲን ስም የምንናገር ከሆነ ዲኑን ሙሉውን እንናገር።

በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ መሆኑን እኛም ተምረናል፣ እናስተምራለን። የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። በዚህ አንደራደርም። ግን ትእዛዙ የተሰጠው ስለ ዕቃችን ነው፤ ስለ ውሻው የጎድን አጥንት አይደለም። ይህንን ያዘዙን ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) በጥም አፈር ሲልስ ላገኘው ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ስለቀዳለት ሰውዬ ነግረውናል። አላህ ማረው። የዚያ ውሻ ምራቅ ነጃሳ አልነበረም? ጫማው ይታጠባል፤ የሰውዬው ወንጀል ግን በዚያች ውሃ ታጠበለት።

ስለ መላኢካ የመጣው ሐዲስ ሶሒሕ ነው። ኢማም አል-ኸጣቢ ማኖሩ ያልተፈቀደውን ውሻ ነው የሚመለከተው ብለዋል፤ ሁሉንም ይጨምራል ያሉም ዑለማዎች አሉ። ሐጂውም ውሻውን ቤት አላስገቡትም። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ በሐዲስ ተፈቅዷል፤ ኢማም አን-ነወዊ በዚያ ላይ ቂያስ በማድረግ ለቤት ጥበቃም መፈቀዱን አመዝነዋል። ታዲያ ሐሜቱ ከየት መጣ? ሐሜት ሐራም መሆኑን ማን ተከራከረ?

«ተናካሽ ውሻ እንዲገደል ተፈቅዷል» የሚልም አለ። አዎ፣ በሰው ላይ ወሰን የሚያልፈውን። ድንጋይ ወርውረህበት፣ ጥግ አስይዘኸው፣ ሲነክስህ «ተናካሽ ነው» ማለት ግን ፈትዋ አይደለም፣ ማታለል ነው።

«አርጅቷል፣ ምን ይጠቅማል?» ለሚሉ ደግሞ የሻፊዒዩ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዓብዱሰላም በ«ቀዋዒዱል አሕካም» ኪታባቸው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት መልሰውላቸዋል። እንስሳ በባለቤቱ ላይ መብት አለው፤ አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥም ቀለቡ አይቋረጥም ይላሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። ይህ ውሻ በበላበት ስንት ክረምት ጮኸ። ከድቶ የሄደው ማነው?

የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃታችሁ ግን ተገቢ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። በሽታው ግን በድንጋይና በተመረዘ ሥጋ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾቹ 70 በመቶው ሲከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ሐጂው መጀመሪያ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም አስመጥተው አስከተቡት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አይተናል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ያበሉታል። ከፊት ለፊቱ እንዲያያቸው ሆነው ይመጣሉ እንጂ ከኋላው አይጠጉትም። ሲበላ አይነኩትም። ዱላ ይዘው አይገቡም፤ ልጆችንም አያስጠጉም። ሳህኑ ለብቻው ነው፣ ምራቁ የነካው ልብስ ለሶላት ይታጠባል። በሦስተኛው ሳምንት ማጉረምረሙ ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ያረጀ ፍርሃት በአንድ ወር አይለቅም።

ሐጂው ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ግቢያቸውም ጠባብ ነው። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ውሻ እንድታቅፉ አይደለም። ሰፊ ግቢ ያለው፣ የሚያስጠብቀው ንብረት ያለው ይምጣ። ልኳንዳ ቤት የሚሠራ አጥንት ያምጣ። አቅም ያለው የቀጣዩን ክትባት ዋጋ ይሸፍን። ይህን ሁሉ ያልቻለ ደግሞ ድንጋዩን ይጣል፣ ምላሱንም ከሐጂው ላይ ያንሳ። እሱም ሶደቃ ነው።

ወላሁ አዕለም።