የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን ሲጮህ ቢያድር ምን ይደረግ?

በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት፣ ስለ ፈተና አሰጣጥ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ስለ ውሻ ጩኸት ግን የጻፈ ያለ አይመስለኝም። «ደግሞ ይኼም ጉዳይ ሆኖ ይጻፋል እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ከዚህ ግቢ ተመርቆ የሚወጣ መምህር መሐል ሜዳ ይመደብ ሞላሌ፣ ራቤል ይመደብ ዓለም ከተማ፣ ከጥቁር ሰሌዳው በፊት የሚገጥመው የኪራይ ቤትና ጎረቤት ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያቀያይሙት ነገሮች አንዱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያድር ውሻ ነው።

በመጀመሪያ ውሻው ለምን እንደሚጮህ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንዝና በግሼ ደጋ ገብስና በግ የኑሮ መሠረት ናቸው። ጅብ በረት ዙሪያ ያንዣብባል፣ ቀበሮ ግልገል ይጠብቃል፣ ሌባም አይጠፋም። ስለዚህ በግ ያለው ሰው ያለ ውሻ እንቅልፍ አይወስደውም። ወደ መራቤቴ ብንወርድም ነገሩ ያው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ውሻህን ዝም አሰኝልኝ» ማለት «በረትህን ክፍት አድርገህ እደር» እንደ ማለት ይቆጠራል። የውሻው ጩኸት ሥራው ነው፤ ደመወዙም የሚጣልለት ፍርፋሪ ነው። ይህንን ሳይረዳ ለአቤቱታ የሚነሣ መምህር ገና አፉን ሲከፍት «ይኼ የከተማ ሰው» ተብሎ ይናቃል።

ሆኖም ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ውሻ ኮሽታ ሲሰማ ይጮሃል፤ ነገሩ ሲያልፍ ዝም ይላል። ይህ ጠባቂ ነው። ሌላው ደግሞ ጅብ በሌለበት፣ ሌባ ባልመጣበት፣ ከምሽት እስከ ንጋት አንድ ዓይነት ጩኸት ሲያሰማ ያድራል። ይኸኛው አንድ ነገር የጎደለው ውሻ ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ያደገ፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ የሚመታው፣ ማታ ሳይበላ የሚያድር፣ ወይም አላፊ አግዳሚ ድንጋይ የሚወረውርበት ሊሆን ይችላል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልበላም ይጮሃል። በዚያ ላይ የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሰማ፣ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። እኛ «ያለ ምክንያት ጮኸ» የምንለው እኛ ያልሰማነውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲጀምር ደግሞ ሌላው ይቀበለዋል፤ መንደሩ በሙሉ ይናጋል።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ውሻ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ቻለው» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ሰው እንቅልፉ እንዳይቋረጥበት በመኝታ ክፍል ውስጥ ድንገት የሚሰማ ድምፅ ከ45 ዲሲቤል ባያልፍ ይመረጣል ይላል። በቅርብ የሚጮህ ውሻ ግን ከ80 ዲሲቤል በላይ ሊሄድ ይችላል። የደጋው ሌሊት ደግሞ ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፅ ሩቅ ይሰማል። እንቅልፍ ያጣ መምህር በማግሥቱ ተማሪ ፊት ሲቆም ትዕግሥቱ ያጥራል፤ ባልረባው ነገር ልጅ ይቆጣል፤ ያረመውን ደብተር መልሶ ያርማል። በሽተኛ ያለበት ቤት፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይጎዳል። ስለዚህ ውሻው ሥራ አለው፤ ጎረቤትም እንቅልፍ ይገባዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጥያቄው ሁለቱን እንዴት እናስታርቅ የሚለው ነው።

እስቲ መጀመሪያ መደረግ የሌለባቸውን እንመልከት። አንዳንዱ ሰው ቂሙን በሆዱ ይዞ ሰላምታ ያቋርጣል። አንዳንዱ በአጥር ላይ ድንጋይ ይወረውራል፤ ውሻው ደግሞ ይብስበታል። በአገራችን ለውሻ ስም ሲወጣ ስሙ ለጎረቤት መልእክት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለም የታወቀ ነው። አንድ ሰው ውሻውን «ማን አለብኝ» ብሎ ቢጠራ ወሬው ለውሻው እንዳልሆነ መንደሩ ያውቃል። በእንዲህ ዓይነት የአጥር ላይ ቅኔ ጠብ ይፋፋም እንደሆነ እንጂ እንቅልፍ አይገኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን መርዝ ነው። ሥጋ ለውሶ ጨለማን ተገን አድርጎ በአጥር መወርወር! ይህን በሹክሹክታ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ከተሞችም ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በዚህ መንገድ ሲያጠፉ ስለኖሩ፣ ነገሩ ነውር መሆኑ የተረሳ ይመስላል። እኔ በበኩሌ በሦስት ምክንያቶች እቃወመዋለሁ።

አንደኛ፣ ውሻው የሰው ንብረት ነው። የሌላውን ንብረት ሆን ብሎ ማጥፋት በወንጀል ያስጠይቃል። ማንም አላየኝም ማለት ከሕግ ያድን ይሆናል እንጂ ከመንደር ዓይን አያድንም። የተጠረጠረ መምህር የማንን ልጅ ያስተምራል? የውሻው ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ በጎረቤት መካከል ደመ ከልብ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ መርዝ አይመርጥም። የሌላውን ሰው ውሻ፣ ድመት፣ የሞተውን የሚበላ ጥንብ አንሣ ይገድላል፤ ያልታሰበ ሕፃንም ሊነካው ይችላል። በአካባቢያችን ደግሞ ሌላም ሥጋት አለ። በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ጓሳን የመንዝ ሰው ለአራት መቶ ዓመት ያህል በራሱ ደንብ ጠብቆ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር ሲያጭድበት ኖሯል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ካስቀረው በኋላም ጥበቃውን ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ ቀጥሎበታል። በመላው አገራችን ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 አይበልጥም። ከጓሳ አጠገብ የተጣለ የተመረዘ ሥጋ ማን እንደሚያነሣው ማን ያውቃል?

ሦስተኛ፣ መርዝ ችግሩን አይፈታም። በጉን የሚያስጠብቅ ሰው በወሩ ሌላ ቡችላ ያመጣል፤ ያንኑም በዚያው አጭር ሰንሰለት ያስረዋል። አዲሱም እንደ ቀድሞው ይጮሃል። ጥፋቱ ከአያያዙ ነውና ውሻ በመለወጥ አይወገድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ቀላል ቢመስልም ድፍረት ይጠይቃል፤ ሄዶ መነጋገር። ግን እንዴት? እንቅልፍ እንዳጡ በውድቅት ሌሊት በር ማንኳኳት ለጠብ ነው። ቀን፣ በተለይም ቡና በሚፈላበት ሰዓት መሄድ ይሻላል። አነጋገሩም የታናሽ አነጋገር ይሁን። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ውሻዎ ብርቱ ጠባቂ ነው፤ እኛም በእሱ ጥበቃ እናድራለን። አሁን አሁን ግን ሌሊቱን ሳያቋርጥ እየጮኸ እንቅልፍ አጣን። ምናልባት አሞት ይሆን ወይስ ብርድ ነው? ምን ብናግዝዎ ይሻላል?» ቢባሉ የማይሰሙ እናት ጥቂት ናቸው። «ውሻሽን አስሪ!» ቢባሉ ግን የታሰረውንም ይፈቱታል። በመጀመሪያው አነጋገር ውሻው የጋራ ችግር ሆኗል፤ በሁለተኛው ግን ተከሳሽ ሆኗል።

ሲነጋገሩም የተቆረጠ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። «ዝም ይበል» የሚለው ጥያቄ አይፈጸምም። የሚፈጸሙት እነዚህ ናቸው፦ ሰንሰለቱን ወይም ገመዱን ማስረዘም፤ ከጎረቤት መኝታ ግድግዳ አንሥቶ ወደ በረቱ ማዛወር፤ ነፋስ የማያገኘው መጠለያ በድንጋይና በሣር ማበጀት፤ ማታ መመገብና ውኃ ማስቀመጥ፤ ቀን ጥቂት ጊዜ ፈትቶ ባለቤቱ ባለበት ማንቀሳቀስ፤ መንገደኛ የሚያይበትን የአጥር ቀዳዳ መድፈን። ባለቤቱ ከፈቀደ ጎረቤቱም ትራፊ እንጀራ እየሰጠ ከውሻው ጋር ቢተዋወቅ የራሱ ኮቴ ጠላት መስሎ መሰማቱ ይቀራል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ድንጋይ በማመላለስ መምህሩ ራሱ ቢያግዝ ደግሞ ወዳጅነት ያተርፋል።

ባለቤቱ እምቢ ቢልስ? ያን ጊዜ ሽማግሌ አለ፣ የዕድር ዳኛ አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚል ሕዝብ ጎረቤትን የሚያስታርቅበት መንገድ አያጣም። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቀበሌ፣ ከዚያም ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለይዞታ ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ጭስንና መጥፎ ሽታን ብቻ ሳይሆን ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጩኸትንም ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ይኸው ሕግ ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድ ይታይ ይላል። ስለዚህ በበግ አርቢ መንደር አንድ ውሻ ጮኸ ተብሎ ክስ አይቆምም፤ ከልማዱ ሲያልፍ ግን መብት አለ። በቁጥር 2071 ደግሞ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦ ያደረሰው ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ይህን ማወቅ ለማስፈራራት ሳይሆን ለመተማመን ይጠቅማል። ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ቢረታም ቡናው ይቋረጣል።

«ይኼ ሁሉ ለባለቤት ነው፤ ተከራይ ምን አፍ አለው? ውሻው የአከራዩ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ከሠልጣኞች እንደሚነሣ እገምታለሁ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ውሻው የአከራዩ ነው፤ ተናጋሪው ደግሞ ነገ «ቤቱን ልቀቅ» ሊባል ይችላል። ለዚህ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኪራይ ቤት በቀን ብቻ አይታይም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ምሽት ሄዳችሁ አዳምጡ፤ ጎረቤትም ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። በዚያው ትምህርት ቤት የቆየ መምህር ወይም አከራዩ የሚያከብሩት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ይህም ካልተሳካ ቤት መቀየር ሽንፈት አይደለም፤ ነገር ግን በሰላም ተሰነባብቶ፣ ምክንያቱን በትሕትና ተናግሮ መሆን ይኖርበታል። ለሚቀጥለው ተከራይ መንገድ ይጠርጋልና።

በመጨረሻ ነገሩን ወደ ሙያችን ልመልሰው። ውሻን የሚያስከፋው ብዙውን ጊዜ የልጅ ድንጋይ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚውለው እኛ ዘንድ ነው። ተማሪዎች የታሰረ ውሻ እንዳይነኩና እንዳይወረውሩበት ማስተማር ከማናችንም ሥራ ውጭ አይደለም። ከጩኸቱ የሚብሰው አደጋ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑንም ማስረዳት ይገባናል። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይገታል፤ ውሾችን በጅምላ መግደል ግን በሽታውን አያጠፋም። በባሌ ተራሮች የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮዎች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የፈጀው ይኸው ከቤት ውሻ የተላለፈ በሽታ ነበር። የጓሳውም ቀይ ቀበሮ ከዚህ የሚድነው የመንዝ ውሾች ሲከተቡና በየደጃቸው ሲውሉ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ለክትባት ሲመጡ ውሻውን አስይዞ የሚያወጣ ተማሪ ካለ፣ ያስተማረው መምህር ነው።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የጎረቤት ውሻ ጉዳይ የመምህር መፈተኛ ነው። የሕዝብን ኑሮ ሳይንቅ የራሱንም መብት ሳይጥል መናገር የሚችል መምህር በክፍልም ውስጥ ያው ነው። በሹክሹክታ ተመርቶ በጨለማ የሚሠራ ግን ምን ያህል ዕውቀት ቢሸከም ከመንደሩ ልጆች ዓይን አይሰወርም። ውሻው የተሰማውን በጩኸት ይናገራል፤ እኛ ደግሞ አንደበት ተሰጥቶናል።

የተለየ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር ካለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።