ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ

እኔ ደህና ነኝ፤ ኪሴን ግን አትጠይቁኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ የራሴን ገመና ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ ወር ሳይሞላው ከ100 ብር በላይ ገባ። እኔ ሞኙ «ዶላር ለኔ ምኔ ነው? እጄ ገብቶ አያውቅ!» ብዬ ነበር። ለካስ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የታክሲው ነዳጅም ከዶላር ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

መንግሥትም ቢሆን በያዘው አልበቃውም። ለ2017 በጀት ዓመት 971 ቢሊዮን ብር ጸድቆለት ሳለ፣ ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨመረለት። ከዚህ ውስጥ ለድጎማና ለደመወዝ ማሻሻያ የተያዘ አለበት። እኔ ቤት ግን ተጨማሪ በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት የለም። የማገኘው ከምጽፈው ነው፤ ጽሑፉ ካልወጣ ብሩም የለም። የምንኖረው ሁለት ነን፤ እኔና 12ኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እህቴ። እናታችን ካረፈች ወዲህ አሳዳጊዋ እኔው ነኝ።

ታዲያ አንድ ማታ ደብተር አወጣሁና የቁጠባ አዋጅ አወጅኩ። ሥጋ ቀረ። ስኳር በልክ ሆነ። የእህቴ የታክሲ ሒሳብ በግማሽ ተቆረጠ፤ ጠዋት በታክሲ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በእግሯ ትመለሳለች። «እሺ ወንድም ጋሼ» አለች። ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

ወሩ ሲያልቅ ብር ተረፈ። እንዴት እንደኮራሁ! ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶ በእጄ ይዤ፣ ለጓደኞቼ ስለ ቁጠባ ሰበክኩ።

አንድ ቅዳሜ በር ላይ የወለቀ ጫማዋን አየሁት። ሶሉ አልቆ ውስጡ ካርቶን ተነጥፎበታል። ክው አልኩ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

ደብተሩን አመጣችና ገለጠችልኝ። «እዚህ ላይ የጫማ የሚል የለም» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «የማኪያቶም የሚል የለም።»

ምን ልበላት? ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ደመርኩት። የኔ ማኪያቶና የቅዳሜ ቢራ ከእሷ ታክሲ ከቆረጥኩት እጥፍ ይበልጣል! ለካስ እኔ አልቆጠብኩም፤ የቆጠበችው እሷ ናት፣ ያውም በእግሯ።

ከዚያ ወዲህ «እንቆጥብ» የሚል ሰው ስሰማ፣ ባለሥልጣንም ይሁን አባወራ፣ «ከማን ተጀመረ?» እላለሁ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሳ፣ የታክሲ ተሰላፊው ከኪሱ አውቆታል። የስብሰባው አበልና የቢሮው መኪናስ ስንት ቀነሰ? ይህንን መጠየቅ ነውር አይደለም።

እናንተም ቤት ቅነሳ ካስፈለገ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እስክሪብቶ የያዘው ሰው ከራሱ ይቁረጥ። ደብተሩን የቤቱ ሰው ሁሉ ያንብበው። ትንሿም ብትሆን «ይሄስ አይሆንም» የማለት መብት ይኑራት። ዝም ያለ ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም።

ጫማው ተገዝቷል። አሁን ደብተሩን የያዘችው እህቴ ናት። ማኪያቶ በሳምንት አንድ፣ እሁድ ብቻ ጸድቆልኛል። ተጨማሪ በጀት ጠይቄ ነበር፤ ውድቅ ሆነብኝ።

ቸር ሰንብቱ!