የጭን ታሪፍ

ሕፃን ልጅ በመኪና ሲጓዝ የሚቀመጥበት ቦታ በምዕራብ ጎጃም የታወቀ ነው፤ የእናቱ ጭን። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ሽንዲ፣ ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ በሚመላለሱት ሚኒባሶች ደንቡ አንድ ነው። ጭን ላይ የተቀመጠ አይከፍልም፤ የማይከፍል አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ደግሞ ወንበርም ቀበቶም አይፈለግለትም። የልጆች የመኪና ወንበር ሲነሳ ነገሩ የፈረንጅ ቅብጠት ተደርጎ የሚታየው በአብዛኛው ከዚሁ የተነሳ ነው እንጂ ጎጃሜ ልጁን ስለማይወድ አይደለም።

ጭን ግን ልጅ አይዝም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም፣ ውስጡ ያለው ሰው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። መኪናው ተጨፍልቆ፣ ቀበቶውም ተለጥጦ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው እንኳ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ወደ ፊት የሚሳብበት ኃይል 200 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሁለት ኩንታል በቆሎ ማለት ነው። በጃቢ ጠህናን ገበያ አንዱን ኩንታል በትከሻው አንስቶ አይሱዙ ላይ የሚጭን ጠንካራ ተሸካሚ ሞልቷል፤ ሁለቱን በክንዱ ታቅፎ፣ ያውም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚያስቀር ግን አልተፈጠረም። ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ደግሞ ኃይሉ አምስት ኩንታል ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነውና። «እኔ አጥብቄ እይዘዋለሁ» የምትል እናት ከልቧ ነው የምትናገረው። ክንዷ ግን እንቅልፍ የያዘው፣ ፌስታል ያንጠለጠለ፣ ጡጦ የያዘ ክንድ ነው።

እናት ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ነገሩ ይብሳል። የ60 ኪሎ ሰውነቷ ወደ ፊት ሲወረወር በእሷና በፊት ወንበሩ መካከል የሚያገኘው ልጁን ነው። አንዳንድ ጠንቃቃ ወላጆች አንዱን ቀበቶ ለሁለት ያስሩታል፤ ልጁ በእናቱ ሆድና በቀበቶው መካከል ይገባል። ጥንቃቄ ከሚመስለው ሁሉ ክፉው ይኸኛው ነው። ግጭት ሲመጣ የእናቲቱ ክብደት በሙሉ ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ደግነት የሚሠራው ጥፋት ነው። ሕፃን የያዘች ሴት መናኸሪያ ስትደርስ ሰው ሁሉ ያዝንላታል። «እመጫት ናት፣ ጋቢና አስገቧት» ይባላል፤ ቀድሞ ጋቢና የገባው ጎረምሳ ሳያንገራግር ይወርዳል። እዚያ መጨናነቅ የለም፣ ነፋስም ይገባል። የአገሬው ጨዋነት በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የመናኸሪያ በር ነው። የሃይስ ሚኒባስ ሞተር ግን የሚገኘው ከፊት ሳይሆን ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው፤ በተሳፋሪው ጉልበትና ከፊት በሚመጣው አይሱዙ መካከል ያለው ስስ ቆርቆሮና መስታወት ብቻ ነው። ተሳፋሪው ተማክሮ፣ አዝኖና ተነስቶ ሕፃኑን ከመኪናው ቦታዎች ሁሉ አደገኛው ላይ ያስቀምጠዋል። መንገድ ላይ ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ሹፌሩ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል፤ እናቲቱንም «እቺን ያዝ አድርጊያት» ይላታል። ያዝ ማድረግ እንጂ ማሰር አይደለም። ስለ ልጁ ማንም የሚለው ነገር የለም፤ ትራፊኩም የሚጠይቀው ትርፍ መጫኑን ነው፣ ጭን ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ትርፍ አይባልም።

ልጅን በመኪና ውስጥ ለብቻው ማሰር በሌላውም ዓለም ብዙ የቆየ ልማድ አይደለም። የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የለካው በአዋቂ ቁመት ነበር። በልጅ ላይ ሲሆን የትከሻው ክፍል አንገቱ ላይ ያርፋል፤ የዳሌው ደግሞ ሆዱ ላይ ይወጣል። በ1964 በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም፣ ጠፈርተኞች ሲወነጨፉ በጀርባቸው ተንጋለው መሆኑን አስተውሎ፣ ሕፃኑ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበትን ወንበር ሠራ። የሕፃን ራስ ከቁመቱ ሩብ ያህል ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም። ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ ሕፃን መኪናው ሲቆም ራሱ ተወርውሮ አንገቱን ይጎትተዋል፤ ወደ ኋላ የዞረው ግን ኃይሉን በሙሉ ጀርባው ይቀበለዋል። የዛሬው የአውሮፓ ደረጃ ቢያንስ እስከ 15 ወር ድረስ ወደ ኋላ እንዲዞር የሚያዘው ለዚህ ነው። ከዚያ የራሱ ማሰሪያ ያለው ወደ ፊት የሚያይ ወንበር ይከተላል፤ ቀጥሎም ልጁ 135 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የአዋቂውን ቀበቶ ትከሻውና ዳሌው ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ከፍ ያለ መቀመጫ። አንድ ጥብቅ ክልክል አለ፤ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር የአየር ከረጢት ከሚፈነዳበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። በትክክል የታሰረ የልጅ ወንበር የሕፃናትን ሞት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል።

አሜሪካም ቢሆን ልጅን በጭን ታቅፎ መሄድ የተለመደ ነበር። ልጅ በወንበር ይታሰር የሚል ሕግ መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው የቴነሲ ግዛት ነው፣ በ1978። በ1985 ሃምሳውም ግዛቶች ሕግ ነበራቸው። ወላጆቹ በሰባት ዓመት ውስጥ ድንገት ልጅ ወዳድ አልሆኑም፤ ቅጣት መጣ፣ ሆስፒታሎችም አራስ ልጅ ሲወጣ ወንበሩን መጠየቅ ጀመሩ። በውጭ አገር የሚኖሩት የእኛው ሰዎች የዚህ ምስክር ናቸው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ልጇን ሳታስር ሞተር የማታስነሳ እናት፣ ክረምት ላይ ቦሌ ስትወርድ ልጁን ለአያቱ ታስታቅፋለች። ወንበሩ፣ ከመጣም፣ ሳሎን ተቀምጦ ገንፎ መመገቢያ ይሆናል። «ሀገር ቤት አይደል?» ትላለች። ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይልቅ የቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ያሰጋታል ማለት ነው። ልጁ ያው ልጅ፣ እናቱም ያችው እናት ናት፤ የጎደለው የሚጠይቃት ሰው ብቻ ነው።

«ልጅ እንዴት ይታሰራል? ያለቅሳል፤ ይጨነቃል» የሚለው ተቃውሞ ከጎጃም ሰው አፍ ሲወጣ ደግሞ ይገርማል። ይህ አገር አንቀልባን የሚያውቅ አገር ነው። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ ይሠራል፤ የደላው በዛጎል ያስጌጠዋል፤ ጠፍሩ በእናት ትከሻና ደረት ላይ ተጠላልፎ ይጠብቃል። ልጁ እግሩ ተከፍቶ፣ ወገቡ ተይዞ፣ ደረቱ ከእናቱ ጀርባ ተጣብቆ ይታሰራል። እናት በዚህ ሁኔታ ውሃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ለጠበል እስከ ግሽ ዓባይ ትሄዳለች። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ከዚያ ይተኛል። ልጄ ታሠረብኝ ያለች አያት የለችም፤ እንዲያውም ጠፍሩ የላላ እንደሆነ የምትቆጣው አያት ናት። በእግር ለሚሄድ ሰው ይህን ያህል የተጠነቀቀ ባህል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ሲሆን ልጁን ፈትቶ ይለቀዋል። የመኪና ወንበር አዲስ ነገር ቢሆን እንኳ ሐሳቡ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም።

ሌሎቹ ምክንያቶች ውሃ አያነሱም። «ቅርብ ነው» የሚለው፣ ሚኒባስ በቅርብ መንገድ ላይ አይጋጭም ካልተባለ በቀር ምንም ማለት አይደለም። «ጠባቂው እግዚአብሔር ነው» ለሚለውም መልሱ ከዚያው ከአማኙ ዘንድ ይገኛል፤ ጥር ላይ ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ሰከላ የሚወጣ ሰው በጠበሉ አምኖ ሲያበቃ ልጁን ማስከተቡን አይተውም። በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት በከረመበት ዘመን ወላጅ ሌላ የሚፈራው ነገር አለው የሚለው ግን እውነት ነው። ትልቅ ስጋት ትንሹን እንደሚያስረሳ የታወቀ ነው፤ ልጁ ግን ከሁለቱም አላመለጠም።

የዋጋው ነገር ሁለት መልክ አለው። ወንበሩ በፍኖተ ሰላም ሱቆች እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ለመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። በሚኒባስ ለምትሄድ እናት «ወንበር ግዢ» ማለት ቀልድ ነው፤ ብትገዛም የሃይሱ የኋላ መቀመጫ በአብዛኛው ማሰሪያ የለውም። ያገለገለ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ አውጥቶ የገዛ አባት ግን የሚያቀርበው ሰበብ የለውም። ይኸው አባት እሑድ እሑድ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስይዘዋል፤ «ሹፌር ሆነ!» ብሎ ፎቶ ያስነሳዋል። በሰርግ ወቅት ደግሞ የልጆቹ ግማሽ አካል በመስኮት ወጥቶ ነው አጀቡ የሚሄደው። በቅርብ ዘመን መኪኖች የኋላ መቀመጫ መጋጠሚያ ውስጥ፣ ጣት ቢሰዱ የሚነካ የብረት ማያያዣ አለ፤ የልጅ ወንበር የሚቆለፍበት ነው። ብዙ ባለመኪና መኖሩን አያውቅም፤ ጣቱን የሰደደም የሚያገኘው ያለፈው ፋሲካ ቆሎ ነው።

በዚህ ሳምንት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በተነሳ አንድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት እናት ለአራት ዓመት ልጇ የሰው ሒሳብ ከፍላ ወንበር አስያዘችለት። መንገድ ላይ ሰው ሲገኝ ረዳቱ ዞር አለና፣

«እናት፣ ልጁን ታቀፊው፤ ሰው አለ» አለ።

«ሒሳቡን ከፍያለሁ እኮ።»

«ይመለስልሻል።»

ከኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ ወንበር አይዝም» አሏት። እናቲቱ ልጁን ጭኗ ላይ አወጣችው። ረዳቱ ብቻውን አልነበረም፤ መኪናው በሙሉ ከእሱ ጋር ነበር። ቀበቶ የሌለው ወንበር ልጁን ብዙ ባልጠበቀው ነበር፤ እናቲቱ ያስከበረችው መብት ግን ልጅም ሰው ተብሎ እንዲቆጠር ነበር፤ እሱም በአምስት ደቂቃ ውስጥ በብር ተመልሶ ተሰጣት።

ነገሩ ከወንበር ወደ ታሪፍ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄድ ሕፃን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንኳ ቲኬት ይቆረጥለታል፣ ስሙም በተሳፋሪዎች ዝርዝር ይሰፍራል። ሁለት ዓመት ሲሞላው የራሱ ወንበርና ቀበቶ ግዴታ ነው። ወላጅ በዚህ ሲከራከር አይሰማም። ያው ቤተሰብ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ሚኒባስ ሲሳፈር ልጁ ተመልሶ ጭን ላይ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የመናኸሪያው ታሪፍ ነው፤ ታሪፉ የሚያውቀው ሙሉ ሰውን ብቻ ነው። ልጅ መታቀፍ ነፃ፣ ልጅ ማስቀመጥ ደግሞ የሙሉ ሰው ሒሳብ በሆነበት አገር እናት ጭኗን ብትመርጥ የሚፈረድባት አይደለችም።

ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ታሪፍ ይከለሳል። የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ በሚቀጥለው ክለሳ አንድ መስመር ይጨምርበት፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ በግማሽ ሒሳብ የራሱ ወንበር ይኑረው፣ በመናኸሪያው የመውጫ ወረቀት ላይም ይቆጠር፣ ጋቢናም ሕፃን የታቀፈ አይግባ። አዳዲስ ገቢ ሚኒባሶች ላይ የኋላ ቀበቶ ይጠየቅ። የግል መኪና ያለው ወላጅ ግን የታሪፍ ክለሳ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ ወንበሩን እስኪያገኝ ልጁን ከመሪው ያውርድና ከኋላ፣ ለብቻው፣ በራሱ ቀበቶ ያስቀምጠው።