የኋላው ቤትና የልጄ ማስተርስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት ነበር የጻፍኩላችሁ። ዛሬ ከሙያዬ ወጣ ልልና ከቤቴ ልጀምር።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ልጄ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም መጣች። በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ደሴ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ውጭ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ትምህርቱ ዓለም አቀፍ ኢኮኖሚክስና ፋይናንስ፣ በማስተርስ ደረጃ፤ ክፍያው በዓመት 12 ሺህ ዶላር።

አባቷ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «የኋላውን ቤት እንሸጣለና» አለ፤ በግ የሚሸጥ ነው የመሰለው። የኋላው ቤት የምናከራያት ባለሦስት ክፍል ቤት ናት። የእኔ ጡረታ ወሩን አያጋምስም፤ የምታኖረን እሷ ናት። ዝም አልኩ። ዝም ስል ልጄ ታውቀኛለች።

«እማዬ፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቂኝ?» አለች። ጠየቅኋት።

በጤና ጣቢያ ስሠራ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ጓንት ሲያልቅ፣ ከላይ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ «የውጭ ምንዛሪ እጥረት»። ለበሽተኛውም እኔ ያንኑ እደግምለት ነበር። ትርጉሙን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ልጄ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መድኃኒቱም፣ ነዳጁም፣ የቦረና ገበሬ ለስንዴው የሚገዛው ማዳበሪያም በዶላር ነው የሚመጣው። ዶላሩ ደግሞ ከቡናና ከወርቅ ሽያጭ፣ ከብድርና ከእርዳታ፣ እንዲሁም ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ከሚልኩት ይገኛል። የሚገባው ከሚወጣው ሲያንስ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

ከዚያ የጎረቤታችንን ነገር አነሳች። ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ገንዘብ የምትልከው በባንክ አይደለም፣ በሰው እጅ ነው። ለምን? ያን ጊዜ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጓሮ ግን እጥፍ። «የላብ ገንዘብ ነው፣ ማን በግማሽ ዋጋ ይሰጣል?» አለችኝ። «ይህ ልዩነት ለምን ይፈጠራል፣ ሲጠብስ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል? የምማረው ይህን ነው።» አገርም እንደ ሰው ተበድሮ የሚቸገርበት ጊዜ እንዳለ ነገረችኝ። በ2007 ዓ.ም. አገራችን ለውጭ ባለሀብቶች የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀረች። እኔ በዕቁብ ብቻ ነው የማውቀው፤ ዕጣ ወስዶ መክፈል ያቆመ ሰው ቀጥሎ ማን ያስገባዋል?

ሐምሌ ላይ ለቤቱ ገዥ ተገኘ። ደላላው ሁለት ጊዜ መጥቶ ለካ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ቀን ዶላር በባንክ ከ70 ብር አለፈ፣ ሳምንታት ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። በግንቦት 684 ሺህ ብር ያልነው የአንድ ዓመት ክፍያ ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ሆነ። ምግብና ማደሪያው አልተቆጠረም፤ ሁለተኛ ዓመትም አለ። ጎረቤታችን ግን ተደሰቱ፤ ልጃቸው በባንክ መላክ ጀመረች።

አባቷ አሁንም «እንሽጥ» አለ። እኔ «አይሆንም» አልኩ፤ ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። ነገሩን የቆረጠችው ልጅቷ ናት። «እናንተን ቤት አልባ አድርጌ ስለ ብድር አልማርም» ብላ ለዩኒቨርሲቲው መልስ ጻፈች። ማታ በር ዘግታ ስታለቅስ ሰምቻለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እምቢ ያልኩት ለቤቱ ብቻ ይሁን ልጄ እንዳትርቀኝ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔም በወጣትነቴ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የማድግበት ዕድል ነበረኝ፤ እናቴ ታማ ቀረሁ። ማንም አልከለከለኝም። ግን «ሂጂ» ያለኝም አልነበረም።

አሁን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሆና ማስተርሷን ትማራለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗልና፣ ከባንክ ስትመለስ ሌሊት እያጠና ያለፈች ልጅ ናት። ሙያው አገር ውስጥም እየተፈለገ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ፤ በጥር የአክሲዮን ገበያው ተከፈተ። ውጭ የመማሩን ሐሳብም አልተወችም። የአውሮፓውን ኢራስመስ ሙንዱስንና የእንግሊዙን ቼቭኒንግ እየሞከረች ነው። ሁለቱም ሙሉ ወጪ ይሸፍናሉ። ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተምሮ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስንም ያስገድዳል። ይህ ሁለተኛው ለእናት ጥሩ ግዴታ ነው። ለሁለቱም ለማመልከት ክፍያ የለም። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ፣ ቅድሚያ ብር አምጡ» የሚል ደላላ ቤታችሁ ከመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት። ከሰፈራችን አንድ አባት በሬ ሸጠው ሰጥተው እስካሁን ስልክ ይደውላሉ።

እዚሁ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ስላለ ልጆቹን በመንገድ ሳያቸው ስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት እየጠበቀ ይሆን እላለሁ።

ልጄ ባለፈው እሑድ ደወለች። ለመመረቂያ ጽሑፏ ምንዛሪው ከተለወጠ ወዲህ የደጋ ገበያ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። «እማዬ፣ የጤፍ፣ የስንዴና የዘይት ዋጋ በየገበያው ቀን ጻፊልኝ» አለች። የድሮ የክትባት መዝገብ ባዶ ገጽ አለኝና በእሱ ላይ መስመር አስምሬ ጀምሬአለሁ። ዘይት ሻጩ «ሲስተር፣ ደግሞ የምን ምርመራ ነው?» አለኝ።