«ጊዜ አለህ?»

ዛሬ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያው አጠገብ መኪናዬን አቁሜ ጥሪ እየጠበቅኩ ነው የምጽፍላችሁ። ዝናቡ እንደምታውቁት ነው። የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

እዚህ ሰፈር ቅዳሜ ጠዋት አብረን ቡና የምንጠጣ ሰባት ስምንት ሾፌሮች አለን። ባለፈው ጥር አንዱ ወዳጃችን ድንገት ጠፋ። ስልክ አያነሳም፣ ቡና ላይ አይመጣም። በሁለተኛው ቅዳሜ ከመካከላችን አንዱ «ኮርቷል ባክህ፣ አዲስ መኪና ከገዛ ወዲህ መቼ ሰላም ይላል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ያንን ያልኩት እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ተሰማ። እናቱ ደብረ ማርቆስ ላይ አርፈዋል። መርዶውን የነገረው ሰው የለም። ተሳፋሪ ይዞ ወደ ኤርፖርት ሲሄድ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያይ፣ አንድ ዘመዱ የእናቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳ። ሰውየውን አድርሶ፣ ሻንጣውን አውርዶ «መልካም ጉዞ» አለው። ከዚያ የደወለው ለእኔ ነው። «ወንድሜ፣ ጊዜ አለህ?» አለኝ። «ሰው ይዣለሁ፣ መልሼ ልደውልልህ» አልኩት። አልደወልኩም።

ታዲያ እኔ ክፉ ሰው ነኝ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሌሊት ነዳሁ።

ጥሪ በማይኖርበት ሰዓት መጽሐፍ በጆሮዬ እሰማለሁ። ቼኮቭ የሚባለው ሩሲያዊ ሐኪምና ደራሲ በ1886 የጻፈው አንድ አጭር ታሪክ አለ፤ ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ትካዜ» ይሆናል። ዮና የሚባል ሽማግሌ ባለጋሪ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በረዶ ይጥላል። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። መኮንን ይጭናል፣ ሊነግረው ይሞክራል፤ መኮንኑ ቶሎ እንዲነዳ ያዘዋል። ሦስት ጎረምሶች ይጭናል፤ ይሰድቡታል፣ ይስቁበታል። እንደሱ ባለጋሪ ለሆነው ወጣት ሊነግር ሲጀምር ልጁ እንቅልፍ ይወስደዋል። በመጨረሻ በረት ገብቶ ለፈረሱ ይነግራታል። እኔ የፈራሁት መኮንኑን አይደለም። እንቅልፍ የወሰደውን የሙያ ጓደኛውን ነው። እሱ እኔ ነኝ።

ቼኮቭ በታሪክ ያየውን የሥነ ልቦና ሰዎች በሙከራ አይተውታል። ዳርሊ እና ባትሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፕሪንስተን ውስጥ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን አንድ በአንድ ጠርተው «እዚያ ማዶ ሕንፃ ሄደህ አጭር ንግግር ታደርጋለህ» አሏቸው። ለግማሾቹ የተሰጣቸው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። ከዚያ አንዱን «ገና ጊዜ አለህ»፣ ሌላውን «አሁን ሂድ»፣ ሌላውን «ዘግይተሃል፣ ሩጥ» አሉት። መንገዱ ላይ አንድ ሰው በር ሥር ወድቆ ያቃስታል፤ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። ካልቸኮሉት መካከል ከመቶ 63ቱ ቆመው ረዱት። በመጠኑ ከቸኮሉት 45። በጣም ከቸኮሉት 10 ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ የሚሄዱ መሆናቸው ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም በሰውየው ላይ ተራምደው ያለፉ ነበሩ። ጥናቱ በ1973 ታተመ። የተሳተፉት 40 ሰዎች ብቻ ናቸውና የሰውን ልጅ ሁሉ አይመዝንም። እኔን ግን መዝኖኛል።

ሌላም አለ። ስታንፎርድ ያስተምር የነበረው ሊ ሮስ በ1977 ስም ያወጣለት ስህተት አለ። ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ የደረሰበትን ሳንጠይቅ «ጠባዩ ነው» እንላለን። እኔ ስልክ ሳላነሳ «ሥራ ላይ ነበርኩ» ነኝ፤ ወዳጄ ሳያነሳ «ኮርቷል» ነው።

ይህን ለመረዳት ስታንፎርድ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደግንበት የሀዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነግሮናል። ካሳ ዳምጤ እውነት ሲናገር ሰዉ «ጉዱ ካሳ» አለው። ለምን? እብድ ነው ካልከው መስማት አይጠበቅብህም። ስም ማውጣት ከማዳመጥ ይቀላል። እኛም ስደት ላይ «ኮራ»፣ «ቀወሰ»፣ «ፈረንጅ ሆነ» እያልን ስንቱን ሳንሰማ አለፍነው።

አገር ቤት ሳለሁ መሐንዲስ ነበርኩ። ምሰሶ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያህል ጭነት ነበረበት?» ብለን ነው። ለሲሚንቶ ያደረግኩትን ለጓደኛዬ ነፈግኩት።

አንዳንዶቻችሁ «ቤት ኪራዩስ? ኢንሹራንሱስ? ቆመህ ስታዳምጥ ማን ይከፍልልሃል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። እኔም ያው ቢል ከፋይ ነኝ። ነገር ግን ችግሩ ችኮላው ከሆነ «ደግ እሆናለሁ» ብሎ መማል አይረዳም፤ ነገ ጠዋት መልሰን እንቸኩላለንና። ለችኮላ ቀን የሚሆን ሥርዓት ያስፈልጋል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ ተብሎ። እዚህም ቢሆን ድሮ ከአገር ቤት ለቅርብ ጓደኛ ይደወል ነበር፤ እሱ ሰው አሰባስቦ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ትልቅ ጥበብ ነው በአንድ ፖስት ያፈረስነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ልጆቹ፣ ወንድም እህቶቹ መስማታቸውን ሳታረጋግጡ የማንንም ሞት አትለጥፉ። እና አንድ ሰው ደውሎ «ጊዜ አለህ?» ካላችሁ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት «ደህና ነህ ወይስ ልቁም?» በሉት። አምስት ሰከንድ ነው።

እኛ ዘግይተንም ቢሆን ሄድን። ቤቱ ቁጭ ብለን እስከ እኩለ ሌሊት ስለ እናቱ አወራን። በደወለ ቁጥር «በል ልጄ ካርድህ እንዳያልቅ» እያሉ ቶሎ ይዘጉበት ነበር አለን። በነፃ በሚደወልበት ዘመን እንኳ አላመኑትም። «ትንሽ ቢያወሩኝ ምን ነበር» ብሎ ዝም አለ። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ጥሪ መጣ፤ ልሂድ። ሰሞኑን ድምፁ የጠፋባችሁ ሰው ካለ፣ ይህን ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉለት።