የኤውሮፓ ሰዎች ኮከብ የሚቈጥሩበት ሥርዓት

አንድ የተከበሩ አንባቢያችን በጻፉልን ደብዳቤ፥ ልጃቸውን ያጨው ጐበዝ ዘመዶች የውጭ አገር መጽሐፍ ተመልክተው «የእርስዋ ኮከብ አሰድ የእርሱ ሠውር ስለ ሆነ አይስማሙም» በማለት የሠርጉን ቀን እንዳዘገዩባቸው ነግረው፥ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ እንድንገልጽላቸው ለምነውናል። ነገሩ የብዙ ቤት ነገር ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ማውጣትን መርጠናል።

የቈጠራው ምንጭ ባቢሎን ነው። የባቢሎን ሰዎች ፀሐይ በዓመት የምትሄድበት መስሎ የሚታየውን የሰማይ መንገድ በ12 ትክክል ክፍል ከፍለው ለእያንዳንዱ 30 ዲግሪ ሰጡት። ግሪኮችም ከእነርሱ ተቀበሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ በጥሊሞስ በአራት ክፍል አድርጎ ጻፈው። ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን እያልን የምንጠራቸው ስሞች ከዐረብኛ የመጡልን የእነዚሁ ክፍሎች ስሞች ናቸው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አቈጣጠሩ ለየብቻ ነው። በእኛ አገር አውደ ነገሥት የሚመለከት ሰው የባለጉዳዩንና የእናቱን ስም ፊደል በቍጥር ደምሮ በ12 እየገደፈ በተረፈው ኮከቡን ያገኛል፤ ኤውሮፓዊው ግን ስም አይጠይቅም፥ የልደትን ቀን ይጠይቃል እንጂ። ከመጋቢት 12 ቀን እስከ ሚያዝያ 11 ቀን ገደማ የተወለደ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ሐመል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በአንዱ ቈጠራ አሰድ፥ በሌላው ሑት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥበቡን ጠንቅቀው እናውቃለን የሚሉት በልደት ቀን ብቻ አይፈርዱም። ሕፃኑ በተወለደበት ሰዓትና ቦታ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ይመረምራሉ፤ ይህም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይለወጣል። ከዚያ ተነሥተው ሰማዩን በ12 ቤት ይመድባሉ፤ አንደኛው የሰውነትና የጠባይ፥ አራተኛው የወላጆች፥ ሰባተኛው የጋብቻ፥ አሥረኛው የሹመትና የክብር ቤት ይባላል። ጨረቃን፥ ዐጣርድን፥ ዝሁራን፥ መሪኅን፥ መሽተሪንና ዙሐልን በየቤታቸው ያስቀምጣሉ። በመካከላቸው 120 ዲግሪ ቢገኝ ፍቅር ነው፥ 90 ዲግሪ ቢገኝ ጠብ ነው ይላሉ። ከሠውር እስከ አሰድ 90 ዲግሪ ስለ ሆነ የአማቾቹ ፍርሃት የመጣው ከዚህ ነው።

በወር ብቻ መፍረድ እንዲስፋፋ ያደረገው ግን ጋዜጣ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. ልዕልት ማርጋሬት በተወለዱ ጊዜ ኔይለር የተባለ ሰው የልዕልቲቱን ዕድል በሎንዶን ጋዜጣ ጻፈ፤ አንባቢዎች ስለ ወደዱት ሳያቋርጥ ይወጣ ጀመር፥ እያጠረም ሄዶ ለእያንዳንዱ ኮከብ ጥቂት መሥመር ሆነ። እኛም ጋዜጠኞች ነንና ይህን ስንጽፍ ጥቂት ማፈራችን አልቀረም።

እውነትነቱንስ? ምድር እንደሚዞር እንዝርት ቀስ ብላ ስለምትናወጥ ክፍሎቹና ከዋክብቱ ከተለያዩ ቈይተዋል፤ ዛሬ በመጋቢት 12 ቀን ፀሐይ ሐመል ገባች ይባላል እንጂ የምትታየው በሑት ከዋክብት መካከል ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በታተመው ጥናቱ ደግሞ ካርልሰን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ለኮከብ ቈጣሪዎች የአንድ ሰው የልደት ሰማይ ከሦስት ሰዎች የጠባይ መግለጫ ጋር አቅርቦ የባለቤቱን እንዲለዩ ቢጠይቃቸው፥ ያገኙት ከሦስት አንዱን ያህል ነው፤ ዕጣ ቢጥሉም ያንኑ ያገኙ ነበር። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው የተረከው ነው። ፊርሚኖስ የሚባል ባለጠጋ በተወለደበት ቅጽበት በአባቱ ወዳጅ ቤት አንዲት ባሪያ ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱ አባወራዎች ኮከብ ወዳጆች ነበሩና ሰዓቱን ለመነጋገር መልእክተኞች ቢላላኩ መልእክተኞቹ በመንገድ እኩሌታ ላይ ተገናኙ። ሰማዩ አንድ ሲሆን፥ አንዱ በሀብትና በክብር አደገ፤ ሁለተኛው ከባርነት ቀንበር አልወጣም።

ወደ ወዳጃችን ነገር እንመለስ። የልጅቱ የልደት ሰዓት በቤታቸው እንዳልተጻፈ እርሳቸው ራሳቸው ገልጠውልናል። ሰዓቱ ካልታወቀ ደግሞ ቤቶቹ አይታወቁም። እንግዲህ አማቾቹ በዚያው በያዙት መጽሐፍ ሥርዓት እንኳ ቢሄዱ፥ የጋብቻ የሚባለውን ሰባተኛውን ቤት ሳይከፍቱ ፈርደዋል ማለት ነው። ወዳጃችን ይህን ገጽ ቈርጠው ሊልኩላቸው ቢወዱ ፈቃዳችን ነው።